ግድግዳውን የያዙት እጆች

«ይኸው ነው እንዴ?»

እንዲህ ያለኝ ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩት ጓደኛዬ ነው። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ። ከደብረ ብርሃን ተነስተን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዘን፣ የአንኮበርን ጉብታ በእግራችን ወጥተን፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ቅሪት ፊት ቆመናል። ጓደኛዬ ጎንደርን አይቶ የመጣ ሰው ነው። የፋሲልን ግንብ ዞሮታል፣ የቁስቋምን ፍርስራሽ ፎቶ አንስቷል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ሲባል የጠበቀው እሱኑ የመሰለ ነገር ነበር። ያገኘው በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ፣ ሣር የዋጠው መሠረት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ አፋር ቆላ ቁልቁል የሚወርድ ገደልና ጭጋግ ነው። እዚያው ጉብታው ላይ በጥንቱ አምሳያ የተሠራ ሎጅ ነበር፤ ቡናችንን እዚያ ጠጣን።

ጥያቄው ንቀት አልነበረበትም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔም ከልቤ ልመልስለት ፈልጌ ቃል አጣሁ። ያችን ግድግዳ እወዳታለሁ። ድንጋዩን ያለበሰውን ሽበት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኖራው ላይ የሚያርፈውን ቀለም፣ በስንጥቁ ውስጥ የሚገቡና የሚወጡትን ወፎች እወዳለሁ። ወደ ከተማው ስንመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ ሳስበው ግን፣ የምወደው ምኑን እንደሆነ ለራሴም አልተብራራልኝም። የፈረሰ ነገር ለምን ያምራል? ቤት የተሠራው ሰው ሊኖርበት ነው። ሰው የማይኖርበት፣ ጣራ የሌለው፣ ዝናብ የሚበላው ግድግዳ ፊት ቆሜ ልቤ የሚሞላው በምን ምክንያት ነው? ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቀቀኝም።

ነገሥታቱ ጓዛቸውን ሲጠቀልሉ

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ባለቤቶቹ ትተውት የሄዱት ከተማ ብርቅ አይደለም። የምንኖርበት ከተማ ራሱ እንዲያ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ከሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ተክለው፣ ቤተ መንግሥት አሠርተው፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን እዚሁ ብርድ ላይ አሳለፉ። እሳቸው ሲያርፉ ልጃቸው በእደ ማርያም መቀመጫቸውን እዚህ አላጸኑም። ከዚያ ቤተ መንግሥት ዛሬ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ግድግዳ የለም። የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እሱም ቢሆን በኋላ ዘመን እንደገና የተሠራ ነው።

አንኮበርም ያው ናት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ ኑሯቸው በአንኮበርና በአንጎለላ መካከል ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሲደርስ ያየው የተራራውን ጎን የሞሉ የሣር ክዳን ቤቶችንና በእንጨት አጥር የተከበበ የንጉሥ ግቢ ነው። ከታች አልዩ አምባ ላይ ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ነጋዴ ይራገፋል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ የአባቶቻቸው መናገሻ ይህችው ነበረች። ከዚያ ልቼ መጣ፣ ከዚያ እንጦጦ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ፣ ግጥሙን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ በሆነበት ዘመኑ፣ መሣሪያውን በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን እዚያ አላገኛቸውም። እንጦጦ ድረስ መከተል ነበረበት። ከተማዋ ገና ቆማለች፤ ሰው አላት፣ ገበያ አላት። ልቧ ግን ተነስቶ ሄዷል።

ነገሥታቱ ለምን እንደሚነሱ የታወቀ ነው። ጦር አለ፣ ብርድ አለ፣ ከሁሉ በላይ ግን እንጨት አለ። የቤቱም የማገዶውም እንጨት ሲመነጠር ከተማው ራሱን ይበላል። ባሕር ዛፍ መጥቶ እስኪለመድ ድረስ የኛ መናገሻ ሁሉ ዕድሜው የደኑን ያህል ነበር። ሸዋ እንደ ጎንደር በድንጋይ ላይ አልተከለም። በጥድ፣ በጭቃና በሣር ነው የተሠራው። ጥድና ጭቃ ደግሞ ጥለውት ሲሄዱ አይጠብቅም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ባለቤቱ ሲሄድ ደግሞ መናቅም አያስፈልግም፤ አጥሩ በራሱ ጊዜ ይነቀነቃል። የተጠረበ ድንጋይ የሚፈልግ ገበሬ ካለ ድንጋዩ ወደ በረት ይሄዳል፣ ወደ አውድማ ካብ ይሄዳል። እኔ በዚህ አልከፋም። በከብት በረት ካብ ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ ጠርዝ ያለው ድንጋይ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ሥራ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገጥም አለኝ። በዚያው ገደል ላይ፣ በዚያው ዝናብና በዚያው ጭጋግ ውስጥ፣ የአንኮበር አብያተ ክርስቲያናት አሉ። መድኃኔ ዓለም አለ፣ ኪዳነ ምሕረት አለች፣ ሚካኤል አለ። የተሠሩበት ነገር ከቤተ መንግሥቱ ያን ያህል የራቀ አልነበረም፤ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ጭቃ። ነገሥታቱ ሲነሱ እነሱም አብረው መውደቅ ነበረባቸው። አልወደቁም። ይህን ከጓደኛዬ ጥያቄ ጎን አስቀምጬው ብዙ ጊዜ ተሸክሜው ዞርኩ። የተፈታልኝ አንኮበር ላይ አይደለም፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ አክስቴ ቤት ነው።

የእትዬ ግድግዳ

እትዬ ነው የምላት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ ጣሊያን ሳይገባ በፊት የተሠራ ነው ይባላል፤ የባሏ አባት ያሠሩት። እስከ ወገብ ድንጋይ ነው፣ ከዚያ በላይ የጥድ ቋሚና ማገር በጭቃ የተመረገ። በፊት ለፊት የእንጨት በረንዳ አለው፤ አግዳሚው በሰው ክርን ተለስልሶ ያበራል። ሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ የተመታው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። የዱሮ ቤት ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ወጣቶች አልፎ አልፎ በር ላይ ቆመው ያነሱታል። እትዬ «ግቡ፣ ውሃ ጠጡ» ትላቸዋለች።

በዚያን ጊዜ የሄድኩት መስከረም ሲጋመስ ነው። ክረምቱ የጓዳውን ግድግዳ አላልቶታል፤ ምርጊቱ አብጦ ከእንጨቱ ተላቋል፣ በእጅ ሲነኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። እትዬ ውርጭ ሳይገባ ተመርጎ መድረቅ አለበት ብላ ሁለት ሰው አስመጥታለች። አንዱ ጎረምሳ ነው፣ ጭቃ የሚያቦካ። ሌላው መራጊው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በዚህ ሰፈር ያልመረጉት ቤት የለም የሚባሉ ሽማግሌ። እትዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ታዛለች።

መፋቅ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀለም ሲወርድ ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ። ከሰማያዊው ሥር ጋዜጣ። ልጅነቱን በእንዲህ ያለ ቤት ያሳለፈ ያውቀዋል፤ ግድግዳ በጋዜጣ ነበር የሚለበጠው፣ በዱቄት ሙጫ እየተለጠፈ፣ ማንበብም የምንለማመደው እዚያው ላይ ነበር። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል ርእስ ግማሹ ተርፏል። ከሱ ሥር ሌላ ጋዜጣ፣ የቢጫው ዓይነት ሌላ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ከትከሻ በታች። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረ ነው፤ የእትዬ ጓዳ ደግሞ ገዢ በተለወጠ ቁጥር አንድ ሽፋን ስትደርብ ኖራለች። እጄ ተንቀጠቀጠ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ እያነሳሁ፣

«እትዬ፣ ይሄ መፋቅ የለበትም፤ ታሪክ እኮ ነው» አልኩ።

«ጋዜጣ ጭቃ አይዝም፣ ልጄ» አለች። «ካልተፋቀ አዲሱ ይወድቃል። ከዚያ ግድግዳውም ይወድቃል። ያኔ ታሪኩን የት ታነበዋለህ?»

ጋሼ ፈገግ አሉ፣ ፋቁ። ጋዜጣው ሁሉ ወረደ። ከሱ ሥር አሮጌው ምርጊት ወጣ፣ ቀለም ያልነካው፣ ጭዱ ውስጡ ወርቅ መስሎ የሚታይ። እሱን ሊፈነቅሉት ሲሉ እትዬ እጇን ዘረጋችና «ቆይ» አለቻቸው። ቀርባ አየችው። መዳፏን ግድግዳው ላይ አኖረች።

«ይቺ የአማቴ እጅ ናት።»

አልገባኝም። ጠቆመችኝ። ጭቃው ላይ የመዳፍና የጣት መስመር አለ፤ ምርጊት ሲለሰን እጅ እየተጠማዘዘ የሚጥለው ቅስት። በሌላው ግድግዳ ላይ ቅስቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እዚህ ላይ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ አንዱ ከሌላው እየቀጠለ፣ ከታች እስከ ማገሩ።

«ግራኝ ነበረች። በግራ ነበር የምትመርገው። እኔን ስታስተምረኝ በቀኝ ስሠራ ‹ገልብጠሽ ሠራሽው› ትለኝ ነበር።»

ጋሼ በጣታቸው አንኳኩት። ጠንካራ ነው፤ ከእንጨቱ አልለቀቀም። «ይሄ አይወርድም» አሉ፣ «ይሄ ገና ነው።» በመዶሻው ስለት ጫፍ ጫፉን ብቻ ጠቅ ጠቅ አድርገው አዲሱ እንዲጨብጥ አሻከሩት፣ ውሃ ረጩት፣ ጎረምሳው ያቦካውን ጭቃ አፍሰው በላዩ መረጉ። የሴትየዋ ቅስቶች አንድ በአንድ ተሸፈኑ። ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው እትዬ ሲሸፈኑ አለማዘኗ ነው። ጭቃ አነሳች፣ ከታች ጥጉ ላይ ለራሷ የቀረውን ቦታ በቀኝ እጇ መረገች።

ያኔ ነው የአንኮበር ነገር የተፈታልኝ። እኔ የእትዬን ቤት አሮጌ ቤት እለው ነበር። ግድግዳው ግን አንድ ዕድሜ የለውም። ቋሚው የአማቷ ባል ያስቆረጡት ጥድ ነው፤ ምርጊቱ ከፊሉ የአማቷ፣ ከፊሉ የሷ፣ ከፊሉ ገና ያልደረቀ። ይህ ቤት እስከ ዛሬ የቆመው ጠንካራ ስለነበረ አይደለም። ክረምት በወጣ ቁጥር አንድ ሰው ጭቃ ስላነሳለት ነው። ቤተ መንግሥቱም እንደዚሁ የሚያቆሙት እጆች ነበሩት፤ ጣራ ከዳኝ፣ ግድግዳ መራጊ፣ አጥር አጣሪ። ንጉሡ ሲነሱ እነዚያ እጆችም ተነሱ፣ እንጦጦ ላይ ሌላ ግድግዳ መረጉ። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን እጆቻቸው አልሄዱም። ካህኑ አለ፣ ምእመኑ አለ፣ ለንግሥ በዓል ደብሩን የሚያድስ የአጥቢያ ሰው በየዓመቱ አለ። ልዩነቱ ድንጋዩ ላይ አልነበረም።

ጓደኛዬ ዘንድ የዚያኑ ዕለት ማታ ደወልኩ። አዎ፣ ያየኸው እሱኑ ነው፣ አልኩት፤ ያላየኸው ግን የሌለው ግንብ አይደለም፣ በየዓመቱ ይመርጉት የነበሩት ሰዎች ናቸው። ለረጅም ጊዜ አወራን።

ሲሚንቶ

ከእትዬ ቤት ሁለት አጥር አልፎ አንድ የዱሮ ቤት ነበር፤ ከሷ ቤት የሚበልጥ፣ በሩ የተቀረጸ። ልጆቹ ከውጭ አገር ገንዘብ ልከው ይታደስ አሉ። በፍቅር ነው ያሉት፣ የአባታቸው ቤት እንዳይፈርስ። የተቀጠረው ሰው ግድግዳውን ሁሉ በሲሚንቶ ለሰነው፣ ነጭ ቀለም ቀባው። ለጥቂት ዓመት ሰፈሩ ሁሉ አደነቀው። ከዚያ በአንድ ክረምት ማዕዘኑ ተደርምሶ ወደቀ። ሲታይ ውስጡ እንጨት አልነበረም፤ ዱቄት ነው፣ ምስጥና ብስባሽ።

ጋሼ ነገሩን ያስረዱኝ በጭቃው አጠገብ ተቀምጠን ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋዋል። ኖራም እንደዚሁ ነው። ሲሚንቶ ግን ይዘጋል። ከመሬት በመሠረቱ የሚወጣው እርጥበት፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ጠብታ መውጫ ያጣና እንጨቱ ላይ ይቀመጣል። ላይ ላዩን ቤቱ ያምራል፤ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። «ካያያዝ ይቀደዳል» አሉ ጋሼ። ከዚህ የተሻለ ልገልጸው አልችልም።

ይህ የጋሼ ብቻ ዕውቀት አይደለም። ጎንደር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶ ጠግነዋቸው ነበር፤ በኋላ የመጡት የጥገና ባለሙያዎች ያንን ሲሚንቶ እያነሱ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ድንጋዩ ያን ያህል ጠንካራ ሆኖ ሲሚንቶ ከጎዳው፣ የኛ የጥድና የጭቃ ቤት ምን ሊሆን ነው? የአንኮበሯ ግድግዳ እስከ ዛሬ የቆየችው በኖራ ስለተያያዘች ይመስለኛል። አንድ ቀን ደግ ሰው በሲሚንቶ ሊያጠናክራት እንዳይነሳ አጥብቄ እፈራለሁ።

ሌላም ነገር አስተማሩኝ። ቤት የሚሞተው ከላይ ነው። ምስማር ይዝጋል፣ ቆርቆሮው ትንሽ ይነሳል፣ ጠብታው ወራጁን ይነካል፣ ከወራጁ ወደ ግድግዳው ራስ ይወርዳል። ነዋሪው ከሥሩ ሳህን ያስቀምጣል። ክረምቱ ያልፋል፣ ሳህኑ ይነሳል፣ ይረሳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። የግድግዳው ራስ አንዴ ከራሰ በኋላ ከታች ምንም ብትመርግ አይረዳም። ጋሼ ወደ አንድ ቤት ሲጠሩ መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳውን አይደለም፤ ቀና ብለው ጣራውን ነው። ለእድሳት የተያዘው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ ሁሉንም ለጣራው አውሉት ይላሉ፤ ቀለም ይቆይ።

የሚያምረው ምኑ ነው?

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ክርክር አለብኝ። የፈረሰ ግድግዳ፣ የተላጠ ቀለም፣ የተንጋደደ በረንዳ አሁንም ያምረኛል። እትዬ ግድግዳ ላይ ያየሁት ነገር ይህን ፍቅር አላጠፋብኝም፤ ምን እንደሆነ ነው የነገረኝ። የእትዬን ቤት ደፍ ተመልከቱ። የወይራ እንጨት ነው፣ ከመሀሉ በእግር ተበልቶ ጎድጉዷል። ይህን ጉድጓድ የሠራ አናጢ የለም። ሙሽራ ገብታበታለች፣ አስከሬን ወጥቶበታል፣ እኔ ራሴ ተደናቅፌበት ግንባሬን ፈንክቼበታለሁ። ሁላችንም አንዳንድ ቅንጣት እንጨት ይዘን ሄደናል። አዲሱ ሕንፃ ላይ ይህ አይሆንም። መስታወቱና አሉሚኒየሙ ሰውን አይመዘግብም፤ ወይ እንደ አዲስ ይቆያል ወይ ይሰበራል። ያረጀ ቤት ፊት ቆሜ የማየው እንግዲህ መፍረሱን አይደለም። መፍረሱ መጋረጃውን ገለጠልኝና ከሥሩ ያለውን ሰው አየሁ። ምርጊቱ ሲላጥ ግራኟ ሴት ወጣች።

ይህን ብዬ ግን ዝም ማለት አልችልም፤ እትዬ እዚያ ቤት ውስጥ ትኖራለችና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሜዳውን ያነጣዋል። በዚያ ብርድ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ወደ ውጭ ወጥታ መጸዳጃ ቤት ትሄዳለች። የጓዳው ጭስ ዓይኗን አበላሽቶታል። እኔ መጥቼ በረንዳዋን ፎቶ አንስቼ ወደ ሞቀ ቤቴ እመለሳለሁ። ልጆቿ አፍርሰን ብሎኬት እንሥራላት ሲሉ ስለሚወዷት ነው። ታሪክ ጠሉ ብሎ የሚፈርድባቸው ሰው መጀመሪያ አንድ የታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ይደር።

እትዬ ራሷ ስለ ቤቱ ያላት አሳብ ከሁላችንም የጠራ ነው። ባለፈው ዓመት የጓዳውን ወለል ሴራሚክ አስነጠፈች። አንድ ዘመድ «ቤቱን አበላሸሽው» ሲላት «እበት የምትለቀልቀው አንተ ነህ?» አለችው። ለሷ ቤቱ የሚኖርበት ነገር ነው፤ ኑሮው በተለወጠ ቁጥር ቤቱም ይለወጣል፣ ሁልጊዜም እንዲያ ነበር። ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ሲመታ ያዘነ ሰው ነበር ይሆናል። መጸዳጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ጭሱ መውጫ እንዲያገኝ ማድረግ፣ መስኮቱን ማስፋት ቤቱን አይገድለውም። የሚገድለው ሁለት ነገር ነው፤ መዝጋትና መተው።

ሕግ አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ ቅርስ የሆነው እንዳይፈርስ ይከለክላል። ጥሩ ነው፤ ቢከበር ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ሕግ ግን አፍራሽን ሊያግድ ይችላል እንጂ ጭቃ አያቦካም። ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦ፣ ታርጋ ተለጥፎበት፣ ማንም ሳይነካው ጣራው እስኪገባ ድረስ የሚጠበቅ ቤት ተከብሮ ሞተ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙዎቻችን ስልካችንን ከፍተን ፎቶ ስንለጥፍ ከረምን፤ እኔም ለጥፌያለሁ፣ አልቅሻለሁ። ከነዚያ ቤቶች ስንቶቹ ጣራቸው ከመፍረሳቸው በፊት ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲያፈስ እንደኖረ አስባለሁ። ዶዘሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለ ደመወዝ

ጋሼን አንድ ቀን «ይህን ሥራ ማን ይማርልዎታል?» አልኳቸው። ሁለት ወንድ ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱም ግንበኞች ናቸው፣ ብሎኬት ላይ። ጭቃ አይነኩም። ለምን አይነኩም ብዬ ስጠይቅ የሰጡኝ መልስ ስለ ዘመን መለወጥ አልነበረም። «ለጭቃ የሚከፈለው የብሎኬቱ እኩሌታ ነው» አሉ። «ምን ብዬ ልያዛቸው?»

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። የጭቃ ሥራ የደሃ ሥራ ነው ብለን ስለናቅነው ዋጋው ወደቀ፣ ዋጋው ስለወደቀ የሚችለው ሰው ጠፋ፣ የሚችል ስለጠፋ ያረጀ ቤት ያለው ሰው ምርጫው ሲሚንቶ ወይም ዶዘር ሆነ። ሥራው ግን ከብሎኬት የሚያንስ ጥበብ አይደለም። አፈሩን መለየት አለ፤ ዋልካው ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቀዩ ይፈለጋል። ጭዱ የጤፍ መሆን አለበት፤ የገብሱ ወፍራም ነው፣ አያያይዝም። የኛ ደጋ ጤፍ አያበቅልም፣ ስለዚህ ጭዱ ከቆላና ከወይና ደጋ ወረዳዎች ተጭኖ ነው የሚመጣው። ቡኮው በእግር ተረግጦ፣ ውሃ እየተጨመረ፣ ቀናት ተሸፍኖ ይቆያል፤ ሽታው ሲለወጥ ነው የሚደርሰው። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ሁለቱም ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ ጋሼ እጅ ላይ ነው ያለው፣ ጉልበታቸውን ደግሞ በሽታ ይዞታል።

ከወንድሞቼና ከእህቶቼ ጋር ተነጋገርን። እትዬ ቤት ላይ የሚሠራው የጭቃ ሥራ ከዚህ በኋላ በግንበኛ ዋጋ ይከፈላል፤ ለጋሼም፣ አጠገባቸው ቆሞ ለሚማርም ወጣት። ገንዘቡን እኛ እናዋጣለን። እትዬ መጀመሪያ አልተቀበለችውም። «ለጭቃ እንዲህ ያለ ብር? ሰፈሩን ሁሉ ዋጋ ታስወድዱበታላችሁ» አለች። ጋሼ እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። ዝም ካሉ በኋላ «ይወደድ» አሉ።

የታናሽ እህቴ ልጅ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ እሑድ እሑድ ዕረፍት አለው። ዋጋውን ሲሰማ እማራለሁ አለ። ከበረንዳው በኩል ያለው ግድግዳ ዘንድሮ ተራው ነው፤ መስከረም እንደወጣ ይጀመራል። እኔ የአምናውን የጤፍ ጭድ ከምንጃር በኩል ላስመጣ ተስማምቻለሁ፣ እትዬ ደግሞ ከጭነቱ በፊት አንድ እፍኝ ናሙና አምጥቼ እንዳሳያት አዛኛለች።